ነገ አሠራታለሁ

ባለፈው ሳምንት ስለ ክረምትና ስለሚያፈስ ጣሪያ ተጫውተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ደጃፋችን ላይ ስለቆመችው አሮጊት ላጫውታችሁ።

አሮጊቷ ላንድክሩዘራችን ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1993 ሞዴል፣ ባለ ናፍታ፣ አራቱም እግሯ በባሌስትራ የቆመ፣ ኋላዋ ረጅም ወንበር ያለው ዓይነት። በ2001 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ስንገዛት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ከሠላሳ አልፋለች። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ መቁጠር ከተወ ቆይቷል። የሹፌሩ ስፖርቴሎ ሲዘጋ ሰፈሩ በሙሉ እቤት መግባቴን ያውቃል።

ጎረቤቶቼ «ለምን አትሸጣትም?» ይሉኛል። ልሽጣትስ ብል በምን እተካታለሁ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪኩ መልካም ነው፤ አቅሙ ያለው ይግዛ። እኛን መሰሎቹ ግን ያለንን ይዘን፣ ያለንን እየጠገንን የምንኖር ነን። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታ ስለ ጥገና ነው። ምክር ብቻ ግን አይደለም፤ ኑዛዜም አለበት።

ነገሩ የጀመረው ሰፈራችን ካለው ጋራዥ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ከጣሊያን መካኒኮች ሥር ሙያ ከተማሩ ሰዎች የተማሩ፣ ቃላቸው አጭር፣ እጃቸው ረጅም ሰው ናቸው። ዘይት ላስቀይር ሄጄ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን ፈቱና ጠሩኝ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄም አብራኝ ነበረች።

«ይህን አየኸው?»

አየሁት። ጥቁር ቡና መስሏል።

«መቼ ነው የተቀየረው?»

«እንጃ ጋሼ። ሲጎድል እንጨምርበታለን እንጂ ቀይረነው እንኳ አናውቅም።»

«መጨመርና መቀየር አንድ አይደለም። ተዋትና ዛሬ ልቀይርልህ፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም።»

«ዛሬ እንኳ እቸኩላለሁ። ነገ አመጣታለሁ ጋሼ።»

በመነጽራቸው አናት አዩኝና «የመኪና ነገ የሚመጣው ቁልቁለት ላይ ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ለዘይቱ ከፍዬ ወጣሁ።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። በዚያው ቀን የወንበር ልብስ ላሰፋ ቀጠሮ ነበረኝ። አማቴን ከጅማ ላመጣቸው ነበርና በተቀደደ ወንበር ላይ ማስቀመጡ አሳፈረኝ። የፍሬኑ ገንዘብ የወንበር ልብስ ሆነ። ጋሼ ዘንድ የቀጠርኩት ነገ ደግሞ ነገን እየወለደ ሦስት ሳምንት ሞላው።

አማቴ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸዋል። አዲስ አበባ ላይ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አግኝተናል። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስላጣች እኔና ልጄ ሄድን። ስንመለስ ግማሽ ኩንታል ቡና፣ ሁለት ጄሪካን ማር፣ አንድ ግንድ ሙዝና እማማን ይዘን ነው። እማማ አዲሱን የወንበር ልብስ በመዳፋቸው ዳስሰው «እንዴት ያምራል!» አሉ። ደስ አለኝ።

የጅማን መንገድ የምታውቁ የጊቤን በረሃ ታውቁታላችሁ። አበልቲን አልፋችሁ ቁልቁል ስትጀምሩ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ከታች እየመጣ ይቀበላችኋል። ከፊታችን የተጫነ የጭነት መኪና ነበር። ለመቅደም መንገድ አልሰጥ ስላለኝ አራተኛ ማርሽ ላይ እንደሆንኩ ፍሬኑን እየረገጥኩ፣ እየለቀቅኩ፣ እየረገጥኩ ከኋላው ወረድኩ። ስህተት ነው። ስህተት መሆኑንም አውቃለሁ። የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናዋን በሞተር ጉልበት ይይዛታል፤ ፍሬንን ለጭንቅ ቀን ያቆየዋል።

አንድ ጥምዝ ላይ ፔዳሉን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ። ስፖንጅ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። ደግሜ ረገጥኩ፤ የለም። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ያዘ። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ መለስኩት፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። በቀኜ በኩል ገደሉ ሳይሆን ተራራው ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የመንገድ ሠራተኞች የተዉት የጠጠር ክምር ነበርና ጎማዋን እሱ ላይ አወጣኋት። ቆመች። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ውስጣችንን ሞላው።

ልጄ ምንም ሳልላት ወረደችና ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አምጥታ ጎማዎቹ ሥር አስገባች። የጭነት መኪና ረዳቶች ሲያደርጉት አይታ ነው።

እማማ «ምነው ቆምን፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ሞተሩን ላሳርፈው ብዬ ነው እማማ።»

«ደግ አደረግህ። በቅሎም ቢሆን ያርፋል» ብለው ከሙዙ ቆርጠው እንድንበላ አዘዙን። ዓይናቸው ስለማያይ የገደሉን ጥልቀት አላወቁም። እጄ እየተንቀጠቀጠ መሆኑንም አላዩም።

ልጄ ግን አይታለች። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመን «አባዬ፣ ጋሼ የነገሩህ ይህን ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ምንም አልተናገረችም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ለሌሎች እንዲጠቅም የሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። ፔዳሉን ስንረግጥ ጉልበታችንን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በቱቦው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። ፈሳሽ ስለማይጨመቅ የእግራችንን ግፊት እንዳለ ያደርሳል። ይህ ዘይት ግን ክፉ ልማድ አለው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይመጣል። አዲሱ «ዶት 3» የሚባለው ዘይት የሚፈላው 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተደጋግሞ ሲረገጥ ሸራውና ብረቱ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ይጨመቃል። እግራችን የሚገፋው ጎማውን ለማቆም ሳይሆን እንፋሎቱን ለመጭመቅ ይሆናል። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው።

ከሁሉ አታላዩ ነገር ይኸውላችሁ፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይተን ስረግጠው ፔዳሉ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ጠንከር አለ። ስንቱ ሰው «ተሻላት» ብሎ መንገዱን ቀጥሎ ይሆን? እኔ ረዳት ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አስገብቼ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት እስከ ድልድዩ ወረድኩ። ዳገቱን ወጥተን ወልቂጤ ስንደርስ አንድ ወጣት መካኒክ አሮጌውን ዘይት በየጎማው እያፈሰሰ በአዲስ ተካልን። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ጋሼ ያሉት በትክክል ይኸው ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ደብተርና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «ሌላስ? ነገ እያልክ ያቆየኸው ምን ምን አለ? አንድም ሳታስቀር ጻፈው» አለችኝ። ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሆነ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማሠራት ገንዘቡ የለኝም። ጋሼ ዝርዝሩን አንብበው አንድ ሕግ ሰጡኝ፤ «መጀመሪያ የሚያቆማት፣ ቀጥሎ የሚመራት፣ ቀጥሎ የሚያስኬዳት፣ መጨረሻ የሚያሳምራት።» እኔ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት። የእናንተንም ገንዘብ ይጠቅም ይሆናልና በዚሁ ተራ ልጨርሰው።

የሚያቆማት፦ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ብዙ ባትነዷትም። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ጨምሩ። ገጠር ላይ ሲቸግር የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሙሉውን ሥርዓት ያበላሻል። ዘይቱ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ወይ ያፈሳል፣ ወይ ሸራው አልቋል። እየሞሉ ዝም ማለት በሽታን መደበቅ ነው።

የሚመራት፦ መሪው ሲነዳ የሚጫወት ከሆነ፣ ፊት ለፊቷ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክሪክ ላይ አሰቅላችሁ ጎማውን በሁለት እጅ ወዝውዙት። ከተንገጫገጨ ወይ የመሪው መገጣጠሚያዎች፣ ወይ ኩሽኔታው ነው። ውሃ ውስጥ ጠልቃ የወጣች መኪና ደግሞ ኩሽኔታዋ ተፈትቶ ግሪሱ መታየት አለበት፤ ውሃ የገባው ግሪስ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል።

ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ከጎኑ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተሠራበት የፈረንጆች ዓመት ናቸው። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለዓመታት መጋዘን የከረመ ጎማ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ጎማነቱ ግን ደርቋል።

የሚያስኬዳት፦ እዚህ ላይ የእኛ ዝርዝር ረጅም ነበር። ከሁሉ ያስደነገጠን የታይሚንግ ቺንጋው ነው። «ዋን ኤችዜድ» የሚባለው የእኛ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይህ ቺንጋ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ እንዲቀየርለት ይፈልጋል። ድንገት ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ይወርዳል። የእኛ መቁጠሪያ ቆሟል፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ጋሼ «የማይታወቅ ከሆነ እንዳለቀ ቁጠረው» አሉ። ቀየርነው። አሮጌው ሲወጣ ጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቆ ነበር። መቁጠሪያውንም አሠራነው።

የሞተር ዘይትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አቅፎ መያዝ ሥራው ነው። ስለዚህ ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ቁጠሩ። እኛ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እንቀይራለን። የሚያስደነግጠው ዘይቱ ቡና በወተት ሲመስል ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ ገብቶበታልና የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሳይታይ ሞተሩ አይነሳ።

የናፍታ ፊልትሮው ሥር የምትፈታ ቡሎን አለች። በተለይ ገጠር ላይ ከጄሪካን ናፍታ ቀድታችሁ ከነበረ ላላ አድርጋችሁ ጥቂት አፍስሱ። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የአየር ፊልትሮውን ደግሞ አቧራማ መንገድ በሄዳችሁ ቁጥር አውጡት። በንፋስ ስታጸዱት ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ መቅበር ነው።

የራዲያተሩን ክዳን አትናቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 100 አይደርስም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ያላት መኪና እንጦጦን ስትወጣ ብትፈላ አይገርምም። ስንቱ ሰው ጤነኛ ቴስታታ አስፈትቷል፤ ጥፋቱ የክዳኑ ሆኖ ሳለ! ስትፈላ ግን በባዶ እጅ ወዲያው አትክፈቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

ለዕቃ ፍለጋው ሶማሌ ተራ ከልጄ ጋር ሄድን። ነጋዴው ሦስት ዓይነት የፍሬን ሸራ ዘረገፈልን፤ ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች ልጄ። «ዋጋው ነው» አላት እየሳቀ። እኛ የያዝነው ምክር የጋሼ ነበር፤ የበር እጀታና የፍሬቻ መስታወት ያገለገለም ኮፒም ቢሆን ይሁን፣ የሚያቆማትና የሚመራት ላይ ግን አትቆጥቡ። ኦሪጅናሉን ገዝተን፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስተያይተን፣ ደረሰኝ ተቀብለን ወጣን። በመንገዳችን ልጄ የጋራዥ ቋንቋ ስትለማመድ ነበር፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ክሮቼራ፣ ሞተሪኖ፣ ከመነዳሪ። ጣሊያን ሄዶ ቃሉ ጋራዥ ቀረ አልኳት። «ዕዳውም ቀርቷላ» አለችኝ የዕቃውን ደረሰኝ እያየች።

ደብተሩ አሁን የልጄ ነው። መኪናዋ ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ይቀመጣል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው፣ የወጣው ገንዘብ፣ ቀጥሎ የሚሠራበት ጊዜ፤ አምስት መስመር ብቻ። በየቅዳሜው ጠዋት ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ የጎማ ንፋስ እናያለን፤ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተሠርተዋል። ሁለቱ ወር ይጠብቃሉ፤ አንዱ የሚጮኸው ስፖርቴሎ ነው። «ነገ» የሚለው ቃል ከቤታችን አልጠፋም፤ ግን አሁን አጠገቡ ቀን ይጻፍበታል። ልጄም ቀኑ ሲያልፍ ትጠይቀኛለች። ቦሎ ለማውጣት ዓመታዊ ምርመራ ስንሄድም እንደ ድሮው ልቤ አይመታም።

እማማ ቀዶ ሕክምናቸው ተሳክቶ ዓይናቸው ከተፈታ በኋላ ወደ ደጅ ወጡ። ያመጣቻቸውን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። የተላጠውን ቀለም፣ የተጣመመውን ፓራውልት፣ በሽቦ የታሰረውን መስታወት አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ይህች ናት ያመጣችኝ?»

«አዎ እማማ።»

«እኔ እኮ ወንበሩን ዳስሼ አዲስ መስላኝ ነበር!»

ያን ጊዜ ነው የጊቤውን ነገር የነገርኳቸው። ሞተሩን ላሳርፍ ብዬ እንዳልቆምኩ፣ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ እንደነበር፣ አስቀድሞም ተነግሮኝ እንደነበር። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «እኔ አላየሁም እንጂ ልጅቷ ድንጋይ ስታደርግ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ሞተር የሚያርፍ መኪና ድንጋይ አይደረግበትም ብዬ አሰብኩ። አንተ ግን አትንገረኝ ብለህ ስትፈራ ዝም አልኩህ።»

ወደ ጅማ ስንመልሳቸው አበልቲ ዳገቱ ላይ የጠጠሩ ክምር አሁንም እዚያው ነበር። ልጄ በጣቷ አሳየቻቸው። እማማም አሻግረው ወደ ገደሉ አዩ፤ በአዲሱ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ነጠላቸውን አስተካክለው «በል ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ መኪናችሁን ሳታስነሱ ኮፈኗን ክፈቱና የፍሬን ዘይቷን ቀለም እዩ። ጥቁር ቡና ከመሰለ ለሰኞ አታቆዩት። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።